የደሴቶች ድልድይ ጨዋታ፦ ከታይዋን ገበያ በ1,300 ብር

ይኼን ጨዋታ ልግዛ ወይስ ልተው ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴ አጭር ነው፦ ግዙ፤ ደንቡን ግን እንደወረደ አትቀበሉት። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች ነው።

እኔ ድሬዳዋ ምድር ባቡር የድልድይ ጥገና ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ድልድይ የተሳለበት ካርቶን አይቼ ማለፍ አልችልም። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በምንለው ገበያ ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ያገኘሁት። ሻጩ 1,800 ብር አለኝ፤ ተከራክረን 1,300 ላይ ተስማማን። "የልጆች ነው አባባ፣ ይገጣጠማል" ብሎ ነው የሸጠልኝ። መገጣጠሙስ ይገጣጠማል። የልጆች ግን አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ከገዛችሁት ምሰሶዎቹን ለጎራዴ ይጠቀምባቸዋል፣ ሌላ ጥቅም አይሰጡትም።

ካርቶኑ ላይ የፋብሪካ ስም የለም። ጽሑፉ ቻይንኛ ሆኖ ከጎኑ የተሰባበረ እንግሊዝኛ አለው። ውስጡ አራት ቦታ የሚታጠፍ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ባሕር ነው። ባሕሩ በትናንሽ ካሬ ካርቶኖች ተሸፍኗል፤ የካሬዎቹ ፊት በአምስት ዓይነት ሰማያዊ የተቀባ ነው፣ ከነጣ ሰማያዊ እስከ ጥቁር ሊባል እስከሚችለው። ቀለሙ የሚናገረው ጥልቀቱን ነው። በላዩ ከስፖንጅ የተቆረጡ ስድስት ደሴቶች ይቀመጣሉ። ከዚያ የእንጨት ምሰሶ፣ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም የፕላስቲክ ወለል፣ ሲባጎ የሚወጠርባቸው ማማዎች፣ ለባሕር ሙሌት የሚሆኑ ቢጫ ጡቦች፣ ለባሕር ስር ዋሻ የሚሆኑ ጥቁር ቱቦዎች፣ የወረቀት ገንዘብና አንድ እሽግ ካርድ አለ።

ለያንዳንዱ ተጫዋች መነሻ ደሴትና መድረሻ ደሴት ይደርሰዋል። በተሰጠህ ገንዘብ አገናኝ ትባላለህ። እዚህ ድረስ ማንም ሊያስበው ይችላል። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ዕቅድህን ወረቀት ላይ ስለህ ለሁሉም ታሳያለህ፤ ከዚያ በኋላ የገዛኸውን ዕቃ መመለስ የለም። ሁለተኛ፣ ካሬዎቹን ገልብጠህ ካላየህ ከባሕሩ ስር አለት ይኑር፣ አሸዋ ይኑር፣ ጭቃ ይኑር አታውቅም። ለመገልበጥ ደግሞ ትከፍላለህ። ቁፋሮ መሆኑ ነው።

ይቺ የመገልበጥ ነገር ናት ልቤን የወሰደችው። ሰው ስለ ረጅም ድልድይ ሲያወራ ርዝመቱን ነው የሚያወራው። 25 ኪሎ ሜትር ሲባል አፉን ይይዛል። ሳዑዲንና ባሕሬንን የሚያገናኘው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ1986 ተከፈተ። (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ከድሬ ስንቱ ልጅ ነው በዚያ መንገድ ያለፈው። ግን ያ ባሕር ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ከፊሉን ሞሉት፣ መሐሉ ላይ ሰው ሠራሽ ደሴት አበጅተው ኬላውን እዚያ ተከሉት፣ ኡም አን ናሳን የምትባለውን ደሴት ረገጡ፣ በቀረው ላይ ድልድይ ዘረጉ። ወደ ጃፓን ስትሄድ ደግሞ ኮቤን ከአዋጂ ደሴት የሚያገናኘው የአካሺ ካይክዮ ድልድይ አራት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ማማዎቹ መካከል ያለው ክፍት ብቻ ግን 1,991 ሜትር ነው፤ በ1998 ሲከፈት በዓለም ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። የከበደው አጭሩ ነው። ከስሩ ጥልቅ ውሃ አለ፣ ውሃው ይሮጣል፣ መርከብ ቀንና ሌሊት ይመላለስበታል። ምሰሶ እንደልብህ አትተክልም።

ጨዋታው ይኼን ያለ አስተማሪ ያስተምራል። በነጣው ሰማያዊ ላይ የፈለግከውን ያህል ብትረዝም ገንዘብህ ይበቃል። በጥቁሩ ላይ ሦስት ካሬ ለመሻገር ስትሞክር ኪስህ ባዶ ይቀራል።

አንድ ዙር ልተርክላችሁ። የምንጫወተው ከዚራ ሰፈር፣ እኔ ቤት በረንዳ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። አንዱ ተጫዋች ጎረቤቴ ነው፤ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጫቱን ይዞ ይመጣል፣ ሻዩ ከኔ ነው። ሌላዋ አሥረኛ ክፍል ያለችው የልጅ ልጄ ናት። ያን ቀን ሁለቱም ከአንድ ደሴት ተነስተው ወደ አንድ ደሴት እንዲሻገሩ ደረሳቸው፤ እኔ ባንክ ሆኜ ገንዘብ እይዛለሁ።

ሹፌሩ ማስመሪያ አምጡ አለ። ከደሴት ደሴት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰመረ። መስመሩ ጥቁሩን ባሕር መሐል ለመሐል ሰንጥቆት ያልፋል። "ቀጥታው መንገድ እያለ ምን አዞረኝ?" አለና ሁለት ማማና ረጃጅሞቹን ወለሎች ገዛ። ልጅቷ ከገንዘቧ ሢሶውን የሚሆነውን ለመገልበጥ አዋለችው። አንዱን ካሬ ገልብጣ ጭቃ ሲሆንባት ቀጥሎ ያለውን ትከፍላለች፤ አሸዋ ሲወጣ ወደ ግራ ትሄዳለች። ሹፌሩ ሳቀባት።

"አንቺ ልጅ፣ ድልድይ ነው የምትሠሪው ወይስ የውሃ ጉድጓድ?"

"ጋሼ አንተ ቀጥል፣ እኔን ተወኝ" አለችው።

በመጨረሻ ከመነሻዋ ወደ ጎን ወጣ ብላ ማንም ልብ ወዳላላት ትንሽ ደሴት የሚወስድ የአለት መስመር አገኘች። ዕቅዷን ስትስል መንገዷ እንደ ተሰበረ ክንድ ታጠፈ። በርዝመት የሹፌሩን አንድ ተኩል ያህላል። ግን ሁሉም ምሰሶ አለት ላይ ነው፣ ወለሎቿ አጫጭርና ርካሽ ናቸው።

የሹፌሩ ሁለተኛ ማማ ጭቃ ላይ አረፈ። በደንቡ መሠረት ምሰሶው አንድ እርከን ይሰምጣል፣ ድርብ ይከፈላል። ከፈለ። ከዚያ የመርከብ ካርድ መጣ። ካርዱ ላይ የመርከቡ ከፍታ ተጽፏል፤ የማለፊያው መስመር ላይ ያለው ወለልህ ከዚያ ካነሰ ወይ ከፍ ታደርገዋለህ ወይ ታፈርሰዋለህ። ለመቆጠብ ብሎ ዝቅ ያሉትን ምሰሶዎች ነበር የገዛው።

"አቦ! መርከቧ ለምን ጎንበስ አትልም!"

ጎንበስ አትልም። ልጅቷ የመርከብ መስመሩ የሚያልፍበትን አንዲት ቦታ ብቻ አይታ እዚያ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ሌላውን ሁሉ ዝቅ አድርጋ ነበር የሠራችው።

እሷ ሳታውቀው ያደረገችው ዴንማርኮች ስቶሬቤልት የሚባለው ባሕር ላይ ያደረጉትን ነው። መሐል ላይ ስፕሮዬ የምትባል ትንሽ ደሴት አለቻቸው። ከደሴቷ በስተምዕራብ 6.6 ኪሎ ሜትር የሆነ ዝቅ ያለ ድልድይ ሠሩ፤ መኪናና ባቡር ጎን ለጎን ይሄዱበታል። ትልልቆቹ መርከቦች የሚያልፉት በስተምሥራቅ ነው፤ እዚያ ላይ በማማዎቹ መካከል 1,624 ሜትር የሆነ፣ ከውሃው 65 ሜትር ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ አቆሙ። እዚያኛው ላይ ግን ባቡር የለም። ባቡሩ ደሴቷ ላይ ከመኪናው ተለይቶ ባሕር ስር ወዳለ ዋሻ ይገባል። ይኼን ለሹፌሩ ስነግረው "ባቡር ሁሌም ሌባ ነው፣ በጓሮ ነው የሚገባው" አለኝ። የጅቡቲ መስመር ሹፌርና የምድር ባቡር ሰው የቆየ ጠብ አለብን፤ ይቅር ብዬዋለሁ።

የመጀመሪያው ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ባቡር አያውቅም። አንዱ ካርድ ላይ ባቡር ተስሏል፣ ከመኪናው ካርድ የሚለየው ግን በሥዕሉ ብቻ ነው። ይኼ ለኔ ዓይነቱ ሰው ስድብ ነው። ባቡር ዳገት አይወድም። ከጅቡቲ የተነሳው አሮጌው መስመራችን 784 ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዘ አዲስ አበባ የደረሰው ለሽርሽር አይደለም። ባቡር ድንገተኛ ጥምዝም አይወድም፤ ጥምዝ ላይ ፍጥነት ካልቀነሰ ምን እንደሚሆን በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አይተናል፤ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። የልጅ ልጄ እንደ ክንድ የታጠፈችው ድልድይ ለመኪና ይበጃል። ባቡር ካለህ ያ መታጠፊያ ደሴቱ ላይ ተዘርግቶ፣ ሰፍቶ፣ ቀስ ብሎ መዞር አለበት፤ ደሴቱ ደግሞ ለዚያ የሚበቃ ስፋት ሊኖረው ይገባል። ስፕሮዬ ለሥራው ስትባል በሙሌት ሰፍታለች። ጨዋታው ይኼን ሁሉ በነጻ ያልፈዋል።

ባቡርና ደሴት አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ማየት የሚፈልግ የጃፓኑን ሴቶ ኦሃሺ ይመልከት። ሆንሹንና ሺኮኩን ያገናኛል፤ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1988 ተከፈተ። አንድ ድልድይ ሲሉት እሰማለሁ፤ ስድስት ድልድይ ነው፣ ደሴቶቹን እየረገጠ የሚሄድ። ከላይ መኪና፣ ከስር ባቡር። ለመሥራት ያስቆረጣቸው ነገር ደግሞ መንገደኛ የሚያመላልሰው የባቡር ድርጅቱ ጀልባ በ1955 በጉም ውስጥ ተጋጭቶ ሰጥሞ 168 ሰው መሞቱ ነው፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ።

እኔ የራሴን ደንብ ጨመርኩ። የባቡር ካርድ የደረሰው ሰው ከአንድ ወለል ወደ ሌላው ከአንድ እርከን በላይ መውጣት አይችልም፤ ደሴት ላይ ለመታጠፍ ሁለት ቢጫ ጡብ ይገዛል። ጨዋታው ከበደ፤ ግን ሰው ሆነ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሙቀት ነው። ይኼን ጨዋታ የሠራው ሰው ብርድ አገር የሚኖር መሆን አለበት። የወለሎቹ ጫፍ እርስ በርስ ተቆላልፎ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ምንም ክፍተት የለም። አንድ ቀን የተገጣጠመውን ድልድይ ሁለት ደሴት መሐል እንደተወጠረ በረንዳው ላይ ትተነው ምሳ ገባን። ደሴቶቹ በቢስማር የተያዙ ስለነበሩ የሚሸሹበት የላቸውም። ስንወጣ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ገብታ ወለሉ መሐሉ ላይ እንደ ድመት ጀርባ ጎብጦ ተነስቷል፤ ከሥሩ ያለውን ምሰሶ ለቆት ጣት ያስገባል። ልጅቷ ተሰብሮብኛል ብላ ደነገጠች። ጥላ ውስጥ አስገባንና ቀስ በቀስ ተመልሶ ተኛ።

ሃዲድ ላይ የሠራ ሰው ይኼን ያውቀዋል። አንድ ኪሎ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለወጥ ግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። የሚሄድበት ቦታ ካልሰጠኸው ራሱ ይፈልጋል። በረጅም የባሕር ድልድይ ላይ ደግሞ ከወለሉ ስር የሚንሸራተት መቀመጫ፣ በወለሎቹ መሐል የሚከፈትና የሚዘጋ ክፍተት፣ ባቡር ካለበት ሃዲዱ ሳይቋረጥ የሚንሸራተትበት ብልሃት የግድ ነው። አሁን እኛ ቤት በየሦስት ወለሉ አንድ ክብሪት እንጨት የሚያህል ክፍተት መተው ደንብ ሆኗል። ያልተወ ሰው ድልድዩ ፀሐይ ላይ ይወጣለታል፣ ራሱ ይፍረድ።

ጭቃውም ላይ ጥያቄ አለኝ። ደንቡ ጭቃን እንደ እርግማን ነው የሚያየው፦ ይሰምጣል፣ ትከፍላለህ፣ አበቃ። ግሪኮች በ2004 የከፈቱት የሪዮን አንቲሪዮን ድልድይ የቆመበት ባሕር ጥልቀቱ 65 ሜትር ገደማ ነው፣ ከስሩም አለት አይደረስበትም። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚበዛበት ቦታም ነው። መሐንዲሶቹ ለስላሳውን መሬት በብረት ቱቦዎች ወግተው አጠነከሩት፣ በላዩ ጠጠር አነጠፉ፣ ትልልቆቹን ምሰሶዎች ከጠጠሩ ጋር ሳያስሩ አስቀመጧቸው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ምሰሶው ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ይተርፋል የሚል ሐሳብ ነው። ስለዚህ እኛ ጭቃ የወጣበት ሰው ሦስት ክብሪት እንጨት ገዝቶ ካሬው ላይ እንዲያስቀምጥ ፈቅደናል። ዋጋው ውድ ነው፣ ግን መውጫ አለው።

ቅሬታ ብቻ እንዳይመስልባችሁ፣ ካርዶቹ ላይ ያለው ብልሃት የሚደነቅ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ካርዱ ሲወጣ ከማማዎቹ አንዱን አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ትገፋዋለህ፤ ወለሉ ገና ካልተሰቀለ ዕቅድህን አስተካክለህ ትቀጥላለህ፣ ከተሰቀለ ግን ጥገና ትከፍላለህ። ሹፌሩ "ማማ እንዴት ይሄዳል? ቀልድ ነው" አለ። ቀልድ አይደለም። በጥር 1995 ኮቤን የመታው መንቀጥቀጥ ሲመጣ የአካሺ ማማዎች ቆመዋል፣ ወለሉ አልተሰቀለም ነበር። መሬቱ ራሱ ተንቀሳቅሶ በማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር ያህል ሰፋ። 1,990 ተብሎ የታቀደው 1,991 ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ዕቅዱን አስተካክለው ቀጠሉ። ካርዱን የጻፈው ሰው ይኼን ታሪክ ሳያውቅ አልጻፈውም።

የዓሣ ካርድም አለ። ቢጫ ጡብ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ባሕሩን መሙላት ነው። ከደሴት ደሴት ሞልተህ ስትጨርስ የዓሣ ካርድ ይመጣና "ውሃው መሄጃ አጣ" ይልሃል፤ ከሞላኸው ላይ ቆፍረህ ማስለቀቅ አለብህ። ዴንማርክንና ስዊድንን የሚያገናኘው፣ በ2000 የተከፈተው የኤረሱንድ መሻገሪያ ሲታቀድ ዋናው ግዴታ ወደ ባልቲክ ባሕር የሚገባውና የሚወጣው ውሃ እንዳይቀንስ ነበር። ሰው ሠራሽ ደሴትና ምሰሶዎቹ የዘጉትን ያህል የባሕሩን ወለል ሌላ ቦታ ቆፍረው መንገድ ከፈቱለት። አጠገቡ አውሮፕላን ማረፊያ ስላለም ረጃጅም ማማ ማቆም አልፈለጉም፤ በዚያ በኩል ዋሻ ነው። ድልድይ፣ ደሴት፣ ዋሻ፣ ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ። ጥቁሮቹ ቱቦዎች ለምን እንዳሉ ለልጅቷ የገባት ይኼን ስነግራት ነው፤ ከዚያ በፊት "ቱቦ ካለ ድልድይ ለምን?" እያለች ታደርቀኝ ነበር። የቱቦውን ዋጋ አይታ ነው የተወችው።

የማዕበል ካርዱ ግን ደካማ ነው። አንዴ ይወጣል፣ አንድ ምሰሶ ያስከፍላል፣ ይረሳል። በከተማችን መሐል የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስማማም። ዓመቱን ሙሉ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ምን ይዞ እንደሄደ ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። ውሃ የሚለካው በተረጋጋበት ቀን አይደለም። በኛ ቤት ማዕበል ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው፣ ሁለተኛው እጥፍ ሆኖ።

ስለ ዕቃው ጥራት አጠር አድርጌ ልናገር። እንጨቶቹ ጥሩ ናቸው፣ በደንብ ተልገዋል። ወለሎቹን ከላይ ነገርኳችሁ። የማማው ሲባጎ ናይለን ነው፣ ይለጠጣል፤ ውጥሩን አይጠብቅም። የልብስ መስፊያ ክር በሰም አሽቼ ተካሁት፣ አሁን እንደ ክራር ይጮኻል። የስፖንጅ ደሴቶቹ ሙጫ በድሬ ሙቀት ቀለጠ፤ ለዚህ ነው በቢስማር የያዝኳቸው። የወረቀት ገንዘቡ ከመጀመሪያው ሳምንት አልዘለለም፤ የጠርሙስ ቆርኪ ይሻላል። ደንቡን እንግሊዝኛ ከሚችል ሰው ጋር ተቀምጬ በአማርኛ በሁለት ገጽ ጽፌዋለሁ፤ የሚፈልግ ፎቶ ኮፒ ያድርግ። የምትገዙ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ካርዶቹን ቁጠሩ፤ ከኔ ላይ የመርከብ ካርድ ጎድሎ ነበር፣ ከሲጋራ ካርቶን ቆርጬ ሠራሁ። አንድ ዙር ከሁለት ሰዓት በታች አያልቅም። ትዕግሥት የሌለው ሰው ዳማ ይጫወት።

ዋናው ጉድለት ግን እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነው፤ ያወቅነውም በሹፌሩ ምክንያት ነው።

ሹፌሩ ዕድሜውን በሙሉ ጅቡቲ ሲመላለስ ከባሕሩ ማዶ ያለችውን የመን ያስባል። ባለፈው ሰሌዳውን ገልብጬ ባዶው ጀርባ ላይ በማርከር ባብ ኤል መንደብን ሳልኩለት። መሐሉ ላይ ፔሪም ደሴት አለች፣ የመኖች ማዩን የሚሏት። "ደሴት አለች ማለት አለቀ!" አለ። በ2008 ታሪክ ቢን ላደን የሚባለው የሳዑዲ ባለሀብት እዚያ ላይ ድልድይ እንሠራለን፣ በሁለቱም ጫፍ አዲስ ከተማ እንቆረቁራለን ብሎ ወሬው ድሬ ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ ሹፌሩ ያን ጊዜ ደስታውን አልቻለም።

ከፔሪም በስተምሥራቅ ያለው ጠባብ ነው፣ ጥልቀቱም 30 ሜትር ገደማ፤ ነጣ ሰማያዊ ቀባሁለት፣ በሁለት ምሰሶ ዘለለው። በስተምዕራብ፣ ወደኛ በኩል ያለው ግን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጥልቀቱ 310 ሜትር ይደርሳል። ጥቁሩን ቀለም ሳወጣ ፊቱ ተለወጠ። የአካሺ ማማ ጫፉ ከባሕር በላይ 298 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ባሕር ወለል ላይ ብታቆመው ጫፉን አታየውም። ዛሬ በዓለም ላይ በሁለት ማማ መካከል ያለው ረጅሙ ክፍት ቱርክ ውስጥ በ2022 የተከፈተው የቻናካሌ ድልድይ ነው፣ 2,023 ሜትር። ጣሊያኖች ለሲሲሊ ደሴት ያቀዱት 3,300 ነው፣ ገና ወረቀት ላይ። ሃያውን ኪሎ ሜትር በስንት ይከፍለዋል? ምሰሶ ሊተክል ፈለገ፣ በጨዋታው ውስጥ ያን የሚያህል ምሰሶ የለም። መሬቱም የሚንቀጠቀጥ ነው፣ መርከቡም አያቋርጥም። ወላሂ እየማለ ካሬ ሲቆጥር አመሸ።

በመጨረሻ ገንዘቡን ሰሌዳው ላይ ጣለና "ጀልባ ስንት ነው?" አለኝ።

ጀልባ የለም። ካርቶኑ ውስጥ ድልድይ፣ ሙሌትና ዋሻ ብቻ ነው ያለው፤ አለመሥራት የሚባል ካርድ የለም። ይኼ ትልቅ ግድፈት ነው፤ በእውነተኛው ዕቅድ ላይ ድልድዩ መጀመሪያ የሚወዳደረው ከጀልባ ጋር ነው። የካናዳዋ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት በ1873 አገሪቱን ስትቀላቀል የመርከብ አገልግሎት እንዳይቋረጥባት በውል አስገብታ ነበር። ድልድይ ይሁንልን ወይስ ጀልባው ይቆይ ተብለው ነዋሪዎቹ በ1988 ድምፅ ሰጡ፤ ከአሥሩ ስድስቱ ገደማ ድልድይ አሉ፣ አራቱ ጀልባ። ባሕሩ እዚያ ብዙ ጥልቀት የለውም፤ በ1997 ወደ 13 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ድልድይ ተከፈተ፣ ክረምት የሚመጣውን በረዶ የሚሰብር ሾጣጣ ቅርጽ ምሰሶዎቹ ላይ ተደርጎለት። እነሱ ጋ ጀልባው ተሸነፈ።

ስለዚህ ከሲጋራው ካርቶን ትርፍ ላይ አንድ የጀልባ ካርድ ቆረጥኩ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግን በየዙሩ ይከፈላል፣ ማዕበል ሲወጣ አንድ ዙር ይቆማል። ሹፌሩ ምዕራቡን በጀልባ፣ ምሥራቁን በድልድይ አድርጎ፣ ፔሪም ላይ የጭነት መኪና ማቆሚያ ሠርቶ፣ የልጅ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፋት። እሷ ደንቡ ይቀየር እያለች ነው፤ የጀልባው ዋጋ ከፍ ይበል ባይ ናት። እኔም ትንሽ ከፍ ሳላደርገው አልቀርም።